ሐይቁ ዳር ያልነበሩ ሰዎች

አባቴ እኔ ቤት መኖር ከጀመረ ሁለት ዓመት አለፈው፤ እዚህ ቤት አንድ ሽማግሌ ይኖራል ብሎ የሚመሰክር ነገር ግን የለም። ጠዋት ክፍሉ ስገባ አልጋው ተነጥፏል፣ ጫማው በሩ ሥር ጎን ለጎን ቆሟል፣ ልብሱ ሻንጣው ውስጥ ነው። ቁም ሳጥን ገዝቼለት ነበር፤ ባዶውን ቆሟል። ሻይ የጠጣበትን ብርጭቆ ራሱ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ካነሳበት ይመልሰዋል። ከሥራ ስመለስ ምሳ በላህ ወይ ብዬ እጠይቀዋለሁ፤ በላሁ ይለኛል። ማስረጃ የለውም።

እኔ የጥርስ ሐኪም ቤት ተራ አስያዥ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ጉንጩን ይዞ የሚያቃስተውን ሁሉ ትንሽ ይታገሡ፣ ተራዎ ደርሷል እያልኩ ውዬ ማታ ሰውነቴ ዝሎ ነው የምገባው። እንዲህ ደክሞኝ ስገባ ቤቴ ውስጥ ሰው እንዳለ ማየት እፈልጋለሁ። ልጄ እንደሆነች ከበሩ ጀምራ ትበትናለች፤ ቦርሳዋ አንድ ቦታ፣ ካልሲዋ ሌላ ቦታ። እሱን እየለቀምኩ አጉረመርማለሁ፤ ቢሆንም ልጅቷ አለች። አባቴ ግን እዚያው ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ የለም።

ባለፈው ሳምንት የልጄ ክፍል ተማሪዎች ሐይቅ ዳር ድንኳን ተክለው ሊያድሩ ነው ተባለ። መምህሯ ስለ እሳቱ፣ ስለ ቆሻሻው፣ ስለ ሣሩ ሁሉ አስጠንቅቃቸዋለች። ልጄ እራት ላይ አንድ በአንድ ስትነግረን ምግቧን ረስታው ነበር። ስንመለስ እዚያ ጭራሽ እንዳልነበርን መሆን አለበት ተብለናል አለች። እኔ ሳቄ መጣና፣ አያትሽን ጠይቂ፣ በዚህ ነገር ከእሱ በላይ ሰው አታገኚም አልኳት። ዞር ብላ አየችው። አባቴ ጠረጴዛው ላይ የወደቀች የዳቦ ፍርፋሪ በጣቱ አንስቶ መዳፉ ውስጥ አኖራት።

«እኔ ሐይቅ ዳር ሰፍሬ አላውቅም» አለ።

ክው አልኩ። መዋሸቱ አይደለም ያስደነገጠኝ፤ የሽማግሌ ውሸት ለምጃለሁ። አነጋገሩ እውነት እውነት ይሸት ነበር። እዚያ እንዳልነበርን ለማድረግ ያን ያህል ስለደከመ በመጨረሻ ራሱም አምኖት ቀርቷል።

ነበርን እንጂ። እኔ ምስክር ነኝ።

ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ታናሽ ወንድሜ ማሙሽ ገና መቆም እየተለማመደ ነበር። አባቴ ቀለም ቀቢ ነው። ግድግዳውን ማንም ያዳርሰዋል፣ የቀቢ ጎበዝ የሚታወቀው ወለሉ ላይ ነው ይል ነበር። የሰው ቤት ገብቶ መጀመሪያ የሚያደርገው ትልቁን ሸራ ማንጠፍ ነው። ሲጨርስ መስኮቱን በምላጭ ይፍቃል፣ የበሩን እጀታ ይወለውላል፣ ወንበሮቹን የነበሩበት ይመልሳል። ባለቤቶቹ ሲመለሱ ግድግዳቸው አዲስ ነው፤ የቀባው ሰው ግን በየት ገብቶ በየት እንደወጣ አያውቁም። ኩራቱ ይህ ነበር።

በዚያ ዓመት ከመሰላል ወድቆ ቀኝ ትከሻው ተሰበረ። እጁ በጨርቅ ታስሮ አንገቱ ላይ ተንጠለጠለ። በዚያው ሰሞን አከራያችን ልጁን ሊድር ሆነና ቤቱን ፈለገው። ይህን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው አንድ ጠዋት እቃችን ሁሉ አባቴ መሰላልና ባልዲ በሚገፋበት የእጅ ጋሪ ላይ ተጭኖ፣ እማዬ ማሙሽን አዝላ ቆማ፣ አባቴ «እንግዲህ ሽርሽር ልንሄድ ነው» ማለቱን ነው። ደስታዬን አልችለው አልኩ። ከሰፈራችን ልጆች ሽርሽር የሄደ አንድም አልነበረም። የእማዬ ዓይን ቀልቷል። በጠዋት መነሳት ስለማትወድ ነው ብዬ አለፍኩት።

መስፈሪያው አውቶቡሱ የመጨረሻውን ሰው አውርዶ ከሚዞርበት አለፍ ብሎ ነበር። ረጃጅም ዛፎች፣ በዛፎቹ መሃል እዚህም እዚያም የተደለደለ መሬት፣ በየመሬቱ ጥግ ቁጥር የተጻፈበት የእንጨት ምሰሶ፣ መሃሉ ላይ እሳት የሚነድበት የድንጋይ ክብ። ከዚያ ወዲያ ሐይቁ ነው። ጠዋት ጠዋት የእርጥብ ጨርቅ ሽታ ነበረው።

መግቢያው ላይ ትልቅ ሰሌዳ አለ። ማንበብ ገና መማሬ ስለነበር አባቴ ጋሪውን አቁሞ እስክጨርስ ጠበቀኝ። እሳት ከድንጋዩ ክብ ውጭ ማንደድ ክልክል ነው። ቅርንጫፍ መቁረጥ ክልክል ነው። ሐይቁ ውስጥ በሳሙና መታጠብ ክልክል ነው። ቆሻሻ ጥሎ መሄድ ክልክል ነው። ከሁሉ በታች፣ ከአንድ ሳምንት በላይ መቆየት ክልክል ነው ይላል። ይህችን ሳነብ እማዬ አባቴን አየችው፤ አባቴ ሐይቁን አየ። ቦታው የሕዝብ ስለሆነ ክፍያ የለውም፤ ችግሩ ሳምንቷ ነበረች።

ሰሌዳውን የሚያስከብረው ጠባቂ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰውዬ ነው፤ ፔዳሉ የሚንቋቋ ብስክሌት ይነዳል። እማዬ አቶ ክልክል አለችው። በዚያ ሰሞን ከአፏ የወጣች ብቸኛ ቀልድ ይህች ናት።

ድንኳን አልነበረንም። አባቴ የሰው ወለል ላይ የሚያነጥፈውን ሸራ በእማዬ እጅ እየታገዘ በሁለት ዛፎች መሃል በገመድ ወጥሮ፣ ጠርዙን በችካል ቸክሎ ድንኳን አደረገው። የስንት ዓመት የቀለም ጠብታ ነበረበት። በጀርባዬ ተኝቼ ወደ ላይ እያየሁ ይሄ የማን ነው እለዋለሁ። ሰማያዊዋ የሐኪሙ ሳሎን ናት፣ ቢጫው የትምህርት ቤቱ ኮሪደር ነው፣ ያቺ ሮዝ የሙሽሮች መኝታ ቤት ናት ይለኛል። ጠብታ ከሌላ ጠብታ እየለየሁ የከተማውን ቤት ሁሉ የኛ አደረግኩት። እማዬ ጀርባዋን ሰጥታን ትተኛለች። አሁን ሳስበው፣ ያ ጨዋታ ለእሷ እንዴት ያለ ሥቃይ እንደነበር ይገባኛል።

ሳምንቱ ሲሞላ ሸራውን አውርደን፣ ጋሪውን ጭነን፣ በዋናው በር በአቶ ክልክል ፊት ደህና ይሁኑ ብለን እንወጣለን። ከዚያ መንገዱን ይዘን ዞረን፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ በወዲያኛው በኩል አጥሩ በወደቀበት እንገባና ራቅ ያለ ቁጥር ላይ እንሰፍራለን። አባቴ ጨዋታ ነው ብሎኛል። ሌላም ነገር ብሎኛል።

የመጀመሪያውን ቦታ ስንለቅ ነው። ሥራን ሳይጨርስ የማይለቅ ሰው ነበር፤ ቀኝ እጁ ስለታሰረ ግን ቀኝ እጁ እኔ ሆንኩ። አመዱ ላይ ውሃ አፍስሼ በእንጨት አማሰልኩ፤ መልሼ አፈሰስኩ። በእጅሽ ጀርባ ንኪው አለኝ፤ ካልቀዘቀዘ አይለቀኝም። የሸራውን ጠርዝ የጫንባቸውን ድንጋዮች ካመጣንበት መለስን፣ ያውም ፀሐይና ዝናብ ያነጣው ወገናቸው ወደ ላይ ሆኖ። የችካሉን ቀዳዳ አንድ በአንድ ደፈንን። የክብሪት እንጨት፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ ክር፣ ፀጉር ሳይቀር ለቅመን ከረጢት ውስጥ ጨመርን፤ ከረጢቱን መክደኛ ያለው የብረት በርሜል ውስጥ ጣልን። የሳሙናውን እጣቢ ከሐይቁ አርቀን ደፋን። በመጨረሻ አባቴ ሰፊውን የግድግዳ ብሩሹን አውጥቶ የተኛንበትን ሣር ወደ ላይ አበጠረው። ወደ ኋላ እየሄደ የራሳችንን ኮቴ ሳይቀር ጠረገ።

ለምንድን ነው እንዲህ የምናደርገው አልኩት። እዚህ መስፈራችንን ማንም ካላወቀ አሸነፍን አለኝ።

«ምን እናሸንፋለን?»

 ብሩሹን በጭኑ ላይ መታ መታ አድርጎ አፈሩን አራገፈ።

«ቤት» አለ።

አለቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውድድር ላይ ነበርን። ዳኛው አቶ ክልክል ነው። በብስክሌቱ ሲያልፍ ቀጥ ብዬ እቆማለሁ፣ የማሙሽን አፍንጫ እጠርጋለሁ፣ ፈገግ እላለሁ። ሌሎቹን ሰፋሪዎች በልቤ እንቃቸው ነበር፤ ቤቱ ለእነሱ እንደማይሰጥ የታወቀ ነው።

የእማዬ ነገር ግን አናደደኝ። ውድድሩ አልገባትም። ማለዳ ተነስታ በመጀመሪያው አውቶቡስ ትሄዳለች፤ ማታ ስትመለስ ቁጭ ካለችበት አትነሳም። ጣቶቿን አይቼ ነው የደረስኩባት። ነጭ ብለው ተጨማደዋል፣ ውሃ ውስጥ የዋለ ሰው ጣት ነው። እኛን እዚህ ትታ ከዚህ የተሻለ ሐይቅ አግኝታለች፣ እዚያ ስትዋኝ ነው የምትውለው ብዬ ደመደምኩ። ለአባቴ ልነግረው ነበር፤ አዘንኩለትና ተውኩት።

እማዬ ሆቴል ቤት አንሶላ ታጥብ ነበር። ይህን የነገረችኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሁለታችን አንድ አንሶላ በአራት ጫፍ ይዘን ስናጥፍ ነው። ወደ እኔ እየመጣች፣ ጫፉን እያቀበለችኝ፣ እየተመለሰች ነገረችኝ። አክስቴ እኔን ልውሰድ ብላ ነበር፤ አጎቴ ደግሞ ማሙሽን። እነሱም ቤታቸው ጠባብ ነው፣ አራታችንን የሚችል ዘመድ አልነበረም። አባቴ ትከሻው እስኪጠግን ብቻ ነው፣ ልጆቼን እንደ እቃ አላከፋፍልም አለ። ከመስፈሪያው ካስወጡን ግን እሷ በዚያው ቀን ልታከፋፍለን ወስና ነበር። የኔን ልብስ ለብቻ፣ የማሙሽን ለብቻ አጥፋ ነው የምታስቀምጠው። እኔ ደግሞ ያኔ ያን አይቼ፣ እማዬ ሥርዓት መያዝ ጀመረች ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

አንድ ቀን አቶ ክልክል ብስክሌቱን አቆመና መቼ ነው የመጣችሁት አለኝ። አባቴ ያስጠናኝን ሳልደናቀፍ መለስኩ፤ ትናንት አልኩት። ባለፈው ስጠይቅሽም ትናንት ነበር የመጣችሁት አለኝ። ዛሬም ትናንት ነው አልኩት። ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ያስነጠሰው መሰለኝ።

ቅዳሜና እሁድ የከተማ ሰው ይመጣል። አንድ ጊዜ ከኛ አጠገብ ባለው ቁጥር ትልቅ ቤተሰብ ሰፈረ፤ ሙዚቃቸው ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ዋለ። እሁድ ከሰዓት ሲሄዱ ጠርሙሱን፣ ፌስታሉን፣ የሕፃን ሽንት ጨርቁን ሁሉ ባለበት ትተውት ሄዱ። እሳቱ እንኳ ገና ይጨሳል። አባቴ ተቀምጦ አየው፣ ተነስቶ አየው፣ አላስቀምጥ አለው። ባልዲውን በግራ እጁ አንጠልጥሎ ሄደ። እኔም ተከተልኩት። እሳቱን አጠፋን፣ ቆሻሻውን ለቀምን፣ ሣሩን አበጠርን። ውድድሩን በሁለት ቦታ ልናሸንፍ ነው ብዬ ነበር።

እማዬ ስትመለስ ያንን አየች። ያ ደግሞ ምን ቤትህ ነው አለችው። አባቴ እሳት ትተው ሄደው ዝም ልበል ወይ፣ ጫካው ቢነድስ አላት። እሷ ድምፅዋን ሳታነሳ ብዙ ነገር ተናገረች። ሰው ይታዘበናል፣ አንተ ከሄድክበት ሁሉ የቀቢነትህን ታሳያለህ፣ ዝም ብሎ የቆሸሸ ሰው መሆን አቃተህ አይነት ነገር ነው የያዝኩት። አባቴ ባልዲውን ማጠብ ጀመረ። እኔ በልቤ እማዬ ቀንታ ነው አልኩ።

አቶ ክልክል የደረሰብን ቀን ለእማዬ የዕረፍት ቀኗ ነበር። ሳምንታችን ሞልቶ ቦታውን እየለቀቅን ነው፤ ረፋድ ላይ። ጋሪው ተጭኗል፣ አመዱ ቀዝቅዟል። እማዬ የሽንኩርት ልጣጩና ጥራጊው ያለበትን ከረጢት አጠገቧ አድርጋ፣ ማሙሽን አቅፋ ግንድ ላይ ተቀምጣለች። አባቴ ሣሩን እያበጠረ ወደ ኋላ ሲመጣ ከአቶ ክልክል ጋር ሊጋጭ ምንም አልቀረው። ብስክሌቱን በእጁ እየገፋ ስለመጣ አልሰማነውም።

እንደምን አደሩ ተባባሉ። አባቴ ብሩሹን ከኋላው ደበቀው። አሁን ሽልማታችንን ሊነግረን ነው አልኩና ቀጥ ብዬ ቆምኩ። እማዬ ግን ማሙሽን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው፤ ዓይኗ ጋሪው ላይ ወደነበሩት ሁለት የልብስ ጥቅሎች ሄደ።

አቶ ክልክል ቆቡን አወለቀ። ወሬውን ከሩቅ ጀመረ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አጥሩ መውደቅ። አጥሩን እኔ ነኝ ያላሠራሁት፣ ለማን እንደሚጠቅም ስላወቅኩ ነው አለ። አባቴ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ወንድሜ፣ እኔን አይፍሩኝ» አለው። «እኔ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አይቻችኋለሁ። ማየት የማልፈልገውን ነገር አላይም። አለቃዬ ነው አሁን ያስቸገረኝ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን እየቆራረጠ ነው የተናገረው። አለቃው ባለፈው ወር መጥቶ መስፈሪያውን በእግሩ ዞረው። አንዱ ቁጥር ላይ ቆመ፤ ይሄን ማን ነው የሚያጸዳው አለ። ሌላው ላይ ቆመ፤ ይሄንንስ አለ። እንዲህ እያለ የሰፈርንበትን ሁሉ አንድም ሳይስት፣ ከፊተኛው እስከ ኋለኛው ተከትሎ ሄደ። ሰው አስቀምጠሃል ወይ ብሎ አቶ ክልክልን አፋጠጠው። ሰኞ ተመልሶ ይመጣል።

አባቴ አልገባውም። ምን አጠፋን፣ ምን ጥለን ተገኘን አለ። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ድምፁ ተበድሎ እንደሚከራከር ሰው ድምፅ ነበር።

«ምንም» አለ አቶ ክልክል። «እሱ ነው ነገሩ። ሰው እዚህ ያድራል፣ ሲሄድ የሆነች ነገር ይረሳል። ጨዋ የተባለው እንኳ ክር ይረሳል፣ ሣሩን አስተኝቶ ይሄዳል። እናንተ ካደራችሁበት ሌላ እንዲህ ያለ ቦታ እዚህ ግቢ ውስጥ የለም። እባክዎ ትንሽ ይተዉ።»

እኔ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ዳኛው ራሱ አጭበርብሩ እያለን ነው። አባቴን ቀና ብዬ አየሁት፤ እንደማይስማማ እርግጠኛ ነበርኩ። ከኋላው የደበቀውን ብሩሽ አውጥቶ አየው። በመጨረሻ አንገቱን ደፍቶ አልችልም አለ። እምቢ ማለቱ አልነበረም፤ አልችልም ነው ያለው። ሰውነቴ አይታዘዘኝም እንደማለት ነው። ያን ጊዜ ኮርቼበት ነበር። 

እማዬ ተነሳች። ማሙሽን አባቴ ግራ ክንድ ላይ አስቀመጠችው። ከረጢቱን ከፈተች፤ የሽንኩርት ልጣጭ በእፍኟ ዘግና እኔና አባቴ ያበጠርነው ሣር ላይ በተነችው። በተረከዟ አፈሩን ጫር ጫር አደረገች። አንዱን ድንጋይ በእግሯ ገፋ አድርጋ ገለበጠችው።

እሪታዬን ለቀቅኩት። ቆሻሻ ጥሎ መሄድ ክልክል ነው እያልኩ ቀሚሷን ይዤ ጎተትኳት። ቤታችንን አስበላሽን፣ አሸንፈን ነበር እኮ እያልኩ አለቀስኩ። ስለ ምን ቤት እንደማወራ አልገባትም። አባቴን አየችው፤ አባቴ ፊቱን ማሙሽ ሆድ ውስጥ ቀበረ። ያኔ ገባት። አጎንብሳ ፊቴን በእነዚያ በተጨማደዱ ጣቶቿ ጠረገችው።

«ዝም በይ የኔ ልጅ» አለችኝ። «ሰው ነን። ሰው ደግሞ ትንሽ ነገር ይረሳል።»

ከዚያ ከረጢቱን ይዛ ወደ ሌሎቹ ቦታዎቻችን ሄደች፣ እስከ መጀመሪያው ድረስ። አቶ ክልክል ብስክሌቱን እየገፋ አብሯት ሄደ፤ እኔ እያለቀስኩ ከኋላቸው። በየቁጥሩ ትቆማለች። እዚህ የክብሪት እንጨት፣ እዚያ የዳቦ ቅርፊት፣ እዚያ ከሹራቧ የመዘዘችው ክር። ጠባቂው ደግሞ ከረጢቱን ይዞላት፣ በቃ፣ እዚህ ጋ በቃ፣ እንዳይበዛ ይላታል። ዕድሜውን ሙሉ ቆሻሻ ክልክል ነው ሲል የኖረ ሰው፣ እዚያ ጥግ ትንሽ ጨምሪበት ብሎ በጣቱ ሲያሳያት አይቻለሁ። እማዬ ሳቀች። ሽርሽር ከወጣን ጀምሮ ሳቋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እኔም በጣም ጠላኋት።

ሰኞ ዕለት አውቶቡስ መዞሪያው አጠገብ ባለ መጠለያ ዋልን። አለቃው መጥቶ ዞሮ፣ ስለሚያድር ሰው ምንም ሳያነሳ ሄደ። እንደ ወትሮው የተኮሳተረ ሰው ነበር አሉ፤ ቆሻሻ በዝቷል ብሎ ተቆጥቶ ሄደ። እንዲህ ያለ ደስ የሚል ቁጣ ሰምቼ አላውቅም ብላ ነበር እማዬ፣ ያን አንሶላ ስናጥፍ። ጥቅሎቹን ፈታ ልብሳችንን መልሳ የቀላቀለችው በዚያ ቀን ነው።

የአባቴ ትከሻ ቀስ እያለ ጠገነ። አቶ ክልክል ለአለቃው የሽንት ቤቱ ግድግዳ አሳፋሪ ሆኗል፣ አንድ ቀቢ አውቃለሁ አለው። አባቴ ያንን ግድግዳ ባየ ቁጥር ያመው ስለነበር በግራ እጁ ቢሆንም ቀባው። ሥራው እስኪያልቅ የእቃ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ እንድናድር ተፈቀደልን። አካፋና ባልዲ መሃል፣ አንድ በር፣ የመጽሐፍ ስፋት ያለው መስኮት። እኔ ሽልማቱ እሱ መሰለኝ። በእማዬ ጥፋት ትልቁን ቤት አጥተን ትንሹ ተሰጠን ብዬ ለዓመታት አምኜ ኖሬአለሁ። ከዚያ በኋላ ከተማ አንድ ክፍል ተከራየን፣ ከዚያ ሁለት ክፍል፤ እኔም አደግኩ፣ ወለድኩ። እማዬ ሞተች። አባቴ ሻንጣውን ይዞ እኔ ጋ መጣ።

ትናንት ልጄ ሐይቅ ዳር ሄደች። እኔና አባቴ ብቻችንን ቀረን። ቤቱ ጭር አለ፤ የሚለቀም ካልሲ እንኳ የለም። ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ፊቱ ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ ሰፍረን ነበር» አልኩት።

የጠረጴዛውን ጨርቅ በመዳፉ አስተካከለ። ተጸጽቼ ልነሳ ነበር።

«ለልጅ ምን ይባላል?» አለ። «ቤት አጥተን ነበር ይባላል?»

ይባላል አልኩት። ከዚያ ያላሰብኩት ነገር ከአፌ ወጣ። ደክሞኝ ስለነበር ነው መሰለኝ፣ ድካም አንዳንዴ ሰውን ያስደፍራል። ይሄ ቤት ሳምንት የለውም አልኩት። ማንም መጥቶ መቼ ነው የመጣኸው አይልህም። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ክፍልህ ስገባ ሄደሃል ብዬ እደነግጣለሁ። እናቴ ስትሞት ማበጠሪያዋ ላይ ፀጉሯን አግኝቼ ነበር፤ አንተ ብትሞትብኝ ምን ይዤ ነው የማለቅሰው አልኩት። 

«እባክህ ትንሽ ተውልኝ» አልኩት።

እጁን ዘርግቶ ጉልበቴን መታ መታ አደረገኝ፤ ድሮ ብሩሹን በጭኑ ላይ እንደሚያራግፈው። እሺ አለ። ተነስቶ ወደ ክፍሉ ሄደ። ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠግቶ ነው የሄደው።

ዛሬ ጠዋት ስነሳ እሱ ወጥቷል፤ ማለዳ መንገድ ላይ ወዲያ ወዲህ ማለት ይወዳል። ክፍሉን ከፍቼ አየሁ። አልጋው ተነጥፏል፣ ሻንጣው ተዘግቷል። እሺ ያለኝ እንደተለመደው ነው ብዬ ቅር እያለኝ ወደ ወጥ ቤት ሄድኩ።

የሻይ ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ ነበር። መሃል ላይ፣ ብቻውን። ደስ ብሎኝ ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ። ቀርቤ አነሳሁትና ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት።

ታጥቧል። በጨርቅ ተወልውሎ ደርቋል። ይህን ያህል ነው የቻለው። መልሼ እዚያው አስቀመጥኩትና፣ ማንም እንዳያነሳው ብዬ፣ ቁርሴን ቆሜ በልቼ ሥራ ሄድኩ።